«ሲስተም የለም» እንዳይባል፦ ዌብ ሰርቨርንና አፕሊኬሽን ሰርቨርን በሲስተም አገልግሎትነት አቀናጅቶ ማስኬድ

አገልግሎት ፈልጎ ወደ መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ «ሲስተም የለም» የሚለውን ምላሽ ሳይሰማ አይቀርም። ይህ አጭር ምላሽ ብዙ የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም ይጠቀልላል። መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የኔትወርክ መስመር ተቋርጦም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መብራቱ ከመጣ፣ መስመሩም ከተመለሰና ኮምፒውተሩ ራሱ ከተነሣ በኋላ አገልግሎቱ ሳይመለስ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት የሚቆይበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፦ በኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ፕሮግራሞች የተነሡት በአንድ ባለሙያ እጅ ነው፤ ያ ባለሙያ በቦታው እስካልተገኘ ድረስም የሚያስነሣቸው የለም።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በወረዳ፣ በዞን፣ በሆስፒታልና በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የመረጃ ሥርዓቶችን ለሚያስተዳድሩ ባለሙያዎችና ሥራውን ለሚከታተሉ ኃላፊዎች ነው። ዓላማውም ዌብ ሰርቨርና አፕሊኬሽን ሰርቨር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲቀናጁ የሰው እጅ ሳይጠብቁ የሚነሡበትን፣ የሚጠበቁበትንና ሲወድቁም የሚመለሱበትን አሠራር ማስረዳት ነው።

ሦስቱ ተባባሪዎች

ነገሩን ለመረዳት የአንድን መሥሪያ ቤት አሠራር ማስታወስ በቂ ነው። ባለጉዳይ ማመልከቻውን ይዞ ሲመጣ በቅድሚያ የሚያገኘው መዝገብ ቤቱን ነው። መዝገብ ቤቱ ማመልከቻውን ተቀብሎ ለሚመለከተው ባለሙያ ይመራል። ባለሙያው ጉዳዩን መርምሮ፣ ከማኅደር ክፍል የሚያስፈልገውን ፋይል አውጥቶ ውሳኔውን ያዘጋጃል። ምላሹም ተመልሶ በመዝገብ ቤቱ በኩል ለባለጉዳዩ ይደርሳል።

ዌብ ሰርቨር የመዝገብ ቤቱን ሥራ ይሠራል። ከተጠቃሚው ብራውዘር የሚመጣውን ጥያቄ በታወቁት የ80 እና የ443 በሮች ይቀበላል፤ ምስጠራውን ያከናውናል፤ ሥዕልና የመሳሰሉትን ቋሚ ፋይሎች ራሱ ይሰጣል፤ ስሌትና ውሳኔ የሚጠይቀውን ግን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። በዚህ ረገድ በስፋት የሚታወቁት አፓቼ እና እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ የቀረበው ኤንጂንኤክስ ናቸው።

አፕሊኬሽን ሰርቨር ጉዳዩን የሚመረምረው ባለሙያ ነው። በጃቫ ቋንቋ ለተጻፉ ሥርዓቶች በብዛት የሚያገለግለው ቶምካት ሲሆን በተለምዶ በ8080 በር ላይ ይቀመጣል። ማኅደር ክፍሉ ደግሞ ዳታቤዝ ነው፤ ለአብነት ፖስትግሬስ።

ሦስቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ሲነሣ ሌላው አብሮ ይነሣል ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነውና እያንዳንዱ የሚያስነሣውና የሚጠብቀው ያስፈልገዋል።

ከአኖ እስከ ነቀምቴ፦ አንድ ተጨባጭ ምሳሌ

በሀገራችን ይህ ቅንጅት ጎልቶ ከሚታይባቸው ዘርፎች አንዱ ጤና ነው። የጤና መረጃን ለመሰብሰብና ለመተንተን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የተሰኘው ሥርዓት ነው። መነሻው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ልማቱን የሚያስተባብረው በኖርዌይ የሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ ከ70 በላይ ሀገራት ይጠቀሙበታል። ሥርዓቱ በጃቫ የተጻፈ በመሆኑ በቶምካት ላይ ይሠራል፤ መረጃውን በፖስትግሬስ ያስቀምጣል፤ ከፊቱም ኤንጂንኤክስ ወይም አፓቼ ይቆማል። በማዕከል ባለ ትልቅ ሰርቨር ላይ መተከል እንደሚችል ሁሉ፣ መስመር በማያስተማምንበት ቦታ በአንድ ተቋም ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይም ሊተከል ይችላል።

የጤና ተቋማት የሪፖርት ወር ከ21ኛው ቀን ጀምሮ በቀጣዩ ወር 20ኛ ቀን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሪፖርቱ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይሸጋገራል። አሁን ይህን በወለጋ መልክዓ ምድር ላይ እናስቀምጠው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ዋና መንገድ ባኮን ካለፉ በኋላ የምትገኘው አኖ የጎቡ ሰዮ ወረዳ ማዕከል ናት። በዚያ ባለ አንድ የጤና ተቋም ውስጥ ይህ ሥርዓት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተተክሏል እንበል። ወሩ በተዘጋ ማግሥት ሌሊት መብራት ይጠፋል። የፊንጫ ማመንጫ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በወለጋ ምድር ኃይል የሚያመነጭ ቢሆንም፣ ኃይል የሚመነጭበት አካባቢ መሆን ከመስመር ብልሽት አያድንም። ጎሕ ሲቀድ መብራቱ ይመለሳል፤ ኮምፒውተሩም ይነሣል። የመረጃ ሠራተኛዋ ገጹን ስትከፍት ግን የስህተት መልእክት ብቻ ታያለች። ሥርዓቱን የተከለው ባለሙያ ለሌላ ሥራ ነቀምቴ ነው፤ ምናልባትም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል።

የዚህ መዘግየት ዋጋ በአንድ ገጽ አለመከፈት አይለካም። በወቅቱ ያልደረሰ የወባ ሕመምተኞች ቁጥር፣ መድኃኒት ለሚመድበው አካል ባዶ ሣጥን ሆኖ ይታያል። ባዶ ሣጥን ደግሞ «ሕመምተኛ የለም» ከሚል መልስ ጋር ሊምታታ ይችላል። በመሆኑም አገልግሎቱ ያለ ባለሙያው የመነሣት አቅሙ የቴክኒክ ምቾት ብቻ ሳይሆን የሥራው አካል ነው።

ተመሳሳይ አደረጃጀት በሌሎች ዘርፎችም ይገኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን ለአንባቢ የሚያቀርብበት ዲስፔስ በቶምካት ላይ የሚሠራ ነው። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለትምህርት የሚገለገሉበት ሙድልም የፕሮግራም ቋንቋው ይለያይ እንጂ ከዌብ ሰርቨር ጀርባ የሚሠራ አካልና ዳታቤዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ማብራሪያ ከጤናው ዘርፍ ውጭም ያገለግላል።

በእጅ የተነሣ ፕሮግራም እና የሲስተም አገልግሎት

አንድ ባለሙያ የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ቶምካትን ቢያስነሣ ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ገጹም ይከፈታል። በዚያች ሰዓት በእጅ በተነሣውና በሲስተም አገልግሎትነት በተመዘገበው መካከል በዓይን የሚታይ ልዩነት የለም። ልዩነቱ የሚገለጠው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ነው። በእጅ የተነሣውን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አያውቀውም፤ የተመዘገበውን ግን እንደ ራሱ አካል ይቆጥረዋል።

በዛሬዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ይህን ኃላፊነት የሚወጣው ሲስተም-ዲ የተባለው ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ ሲሆን፣ ደቢያን እና ኡቡንቱ በ2015 ዋነኛ አስነሺያቸው አድርገውታል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚሠራው እርሱ ነው፤ ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚጠራው፣ የሚከታተለውና መዝገባቸውን የሚይዘውም እርሱ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ምሳሌ ብንሄድ፣ ጠዋት ቢሮውን የሚያስከፍተውና ሠራተኛው በቦታው መኖሩን የሚያረጋግጠው የአስተዳደር ኃላፊ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ትእዛዞችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። «ስታርት» የሚለው አገልግሎቱን አሁን ያስነሣል። «ኢኔብል» የሚለው ደግሞ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አገልግሎቱም እንዲነሣ ይመዘግበዋል። የመጀመሪያውን ብቻ ሰጥቶ ሁለተኛውን መርሳት አገልግሎት ከመብራት መጥፋት በኋላ እንዳይመለስ ከሚያደርጉ የተለመዱ ምክንያቶች አንዱ ነው። ሁሉም ነገር ለወራት በሚገባ ይሠራል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው በመጀመሪያው መቋረጥ ዕለት ነው።

የአገልግሎቱ መዝገብ ምን ይይዛል?

ሲስተም-ዲ እያንዳንዱን አገልግሎት የሚያውቀው በአንዲት አጭር የጽሑፍ ፋይል ነው። ኤንጂንኤክስንና ፖስትግሬስን ከስርጭቱ ማከማቻ የጫነ ሰው ይህን ፋይል ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ቶምካትን በራሱ አውርዶ የተከለ ሰው ግን ፋይሉን መጻፍ ይኖርበታል። ፋይሉ በዋናነት ለአምስት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል።

1. ምን ይነሣ? የፕሮግራሙ ሙሉ አድራሻና የሚነሣበት መንገድ ይገለጻል። ቶምካት ራሱን ወደ ጀርባ የሚያዞርበት ማስነሻ አለው፤ ነገር ግን በሲስተም-ዲ ሥር ሲሆን ከፊት ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ጠባቂው የትኛውን ሂደት እንደሚጠብቅ በትክክል ያውቃል።

2. በማን ስም ይነሣ? አገልግሎቱ የሚሠራበት የተጠቃሚ ስም ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

3. ከማን በኋላ ይነሣ? ቅደም ተከተሉ ይወሰናል።

4. ቢወድቅ ምን ይደረግ? «ሪስታርት» የሚለው መስመር አገልግሎቱ በስህተት ሲቋረጥ መልሶ እንዲያስነሣው ያዝዛል። በዚህ መስመር ላይ ያልተነገረው ነገር ካለ ሲስተም-ዲ የወደቀውን በወደቀበት ይተወዋል።

5. መቼ ይነሣ? አገልግሎቱ ከኮምፒውተሩ መደበኛ አነሣስ ጋር የሚያያዝበት መስመር ነው። «ኢኔብል» የሚለው ትእዛዝ የሚሠራው ይህ መስመር ሲኖር ነው።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል፣ ነገር ግን ግራ የሚያጋባ ጉዳይ አለ። የጃቫ ፕሮግራም በሥርዓት እንዲቆም ሲታዘዝ 143 የሚል የመውጫ ቁጥር ይሰጣል። ሲስተም-ዲ ይህን እንደ ውድቀት ስለሚቆጥረው፣ ባለሙያው ሆን ብሎ ያቆመው አገልግሎት «ወድቋል» ተብሎ ይመዘገባል። ቁጥሩ የመልካም አወጣጥ ምልክት መሆኑን በፋይሉ ውስጥ መግለጽ መዝገቡን እውነተኛ ያደርገዋል።

ከስርጭቱ ጋር የመጣውን ፋይል በቀጥታ መቀየር አይመከርም፤ በሚቀጥለው እድሳት ሊሻር ይችላልና። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት» የሚለው ትእዛዝ ለውጡን በተለየ ተጨማሪ ፋይል እንዲቀመጥ ስለሚያደርግ እድሳቱ አይነካውም።

ቅደም ተከተልና ጥገኝነት አንድ አይደሉም

ዳታቤዙ ሳይነሣ አፕሊኬሽኑ ቢነሣ የሚያነበው አያገኝም። ስለዚህ አፕሊኬሽኑ ከዳታቤዙ በኋላ እንዲነሣ መታዘዝ አለበት። ይህን የሚገልጸው «አፍተር» የሚለው መስመር ነው። መስመሩ ግን ተራ ብቻ ይወስናል፤ «ሁለታችሁም ከተጠራችሁ አንተ ሁለተኛ ነህ» ይላል እንጂ ዳታቤዙን ራሱ አይጠራም። የሚጠራው «ዎንትስ» ወይም «ሪኳየርስ» የሚለው ነው። ስለሆነም ሁለቱም ዓይነት መስመሮች በአንድነት መጻፍ አለባቸው።

በ«ዎንትስ» እና በ«ሪኳየርስ» መካከል ያለው ልዩነትም መታወቅ ይገባዋል። የመጀመሪያው ልል ትስስር ነው፤ ሁለተኛው ጥብቅ ነው። በጥብቁ ትስስር ባለሙያው ዳታቤዙን ለጥገና ቢያቆም አፕሊኬሽኑም አብሮ ይቆማል። ዳታቤዙን መልሶ ሲያስነሣ ግን አፕሊኬሽኑ በራሱ አይነሣም። ይህን ያላወቀ ባለሙያ ጥገናውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ አገልግሎቱን ዘግቶ ይሄዳል።

ዌብ ሰርቨሩን ከአፕሊኬሽኑ ጋር በጥብቅ ማሰር ደግሞ ጨርሶ አያስፈልግም። ባለሙያው ባይገባም መዝገብ ቤቱ ክፍት ሆኖ «ጥቂት ይጠብቁ» ቢል ይሻላል። ኤንጂንኤክስ ከጀርባው ያለው አፕሊኬሽን ባይነሣም ራሱ መነሣት ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ለተጠቃሚው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የማሳወቂያ ገጽ እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። ባዶ የስህተት ቁጥር ከማየት «ሥርዓቱ በመነሣት ላይ ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ» የሚል መልእክት ማንበብ ለተገልጋዩ ክብር ነው።

ከመብራት መጥፋት በኋላ የሚከሰት ሌላም ነገር አለ። በድንገት የጠፋ ፖስትግሬስ ሲነሣ ያልተጠናቀቁ ሥራዎችን ከማስታወሻ መዝገቡ እያነበበ ራሱን ይጠግናል፤ እስኪጨርስም ድረስ ማንንም አያስተናግድም። በዚህ መካከል የሚመጣው አፕሊኬሽን ተመልሶ ሊወድቅ ይችላል። «ሪስታርት» የሚለው መስመር ቢኖርም የሲስተም-ዲ መነሻ ቅንብር በሙከራዎች መካከል የሚቆየው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከተነሣ በኋላም ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ስለዚህ በሙከራዎቹ መካከል 30 ሰከንድ እንዲቆይ ማዘዝ ብልህነት ነው። ያን ጊዜ በ10 ሰከንድ ውስጥ አምስት ሙከራ ስለማይደርስ ሙከራው አይቋረጥም፤ ዳታቤዙም ጥገናውን ለመጨረስ ፋታ ያገኛል።

በሕይወት አለ፤ ግን አይሠራም

ከሁሉም አስቸጋሪው አገልግሎቱ «በሥራ ላይ» ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ የማይሠራበት ሁኔታ ነው። ቶምካት በውስጡ የተጫነው አፕሊኬሽን ዳታቤዙን አጥቶ ሳይነሣ ቢቀር፣ ቶምካት ራሱ አይቆምም። ሂደቱ በሕይወት ስላለ ጠባቂው ደኅና ነው ብሎ ያልፈዋል። ወንበሩ ላይ ሰው አለ፤ ሥራ ግን አይሠራም። የ«ሪስታርት» መስመርም በዚህ ጊዜ አይረዳም፤ ወድቋል የተባለ ነገር የለምና።

መፍትሔው አገልግሎቱን በተጠቃሚው ዓይን ማየት ነው። በየ5 ደቂቃው የመግቢያ ገጹን ራሱ የሚጠይቅ አጭር ትእዛዝ ተጽፎ በሲስተም-ዲ የጊዜ መቁጠሪያ ሥር ሊመዘገብ ይችላል። ገጹ በተከታታይ ለሦስት ጊዜ ካልተከፈተ አፕሊኬሽኑን ቆሞ እንዲነሣ ያዛል፤ ይህንንም በመዝገብ ያሰፍራል። ሦስት ጊዜ መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ ዲኤችአይኤስ 2 ያለ ትልቅ ሥርዓት ለመነሣት ደቂቃዎች ይወስድበታል፤ የሚቸኩል ተቆጣጣሪ በመነሣት ላይ ያለውን እየደጋገመ ይጥለዋል።

ተጠቃሚው የሚያየው የስህተት ቁጥርም ጉድለቱ የት እንዳለ ይጠቁማል። በስልክ ለሚረዳ ባለሙያ ቁጥሩን መንገር «ሲስተም የለም» ከማለት ይልቅ እጅግ ይጠቅማል።

- ገጹ ጨርሶ የማይደርስ ከሆነ፦ ኮምፒውተሩ፣ የኔትወርክ መስመሩ ወይም ዌብ ሰርቨሩ ቆሟል።
- 502 ከሆነ፦ ዌብ ሰርቨሩ አለ፤ ከጀርባው ያለው አፕሊኬሽን ሰርቨር ግን አልመለሰለትም። ብዙውን ጊዜ አልተነሣም ወይም ወድቋል ማለት ነው።
- 504 ከሆነ፦ አፕሊኬሽኑ ጥያቄውን ተቀብሏል፤ ነገር ግን ዘግይቷል። ኤንጂንኤክስ በመነሻ ቅንብሩ የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ነው፤ ከባድ ትንተና ከዚያ ሊበልጥ ስለሚችል ጊዜውን ማራዘም ያስፈልጋል።
- 404 በመግቢያው ገጽ ላይ ከታየ፦ ቶምካት ተነሥቷል፤ በውስጡ ያለው አፕሊኬሽን ግን ላይነሣ ይችላል።
- 413 ከሆነ፦ የተላከው ፋይል ዌብ ሰርቨሩ ከሚቀበለው መጠን በልጧል። የኤንጂንኤክስ መነሻ ወሰን 1 ሜጋባይት በመሆኑ፣ ከሌላ ቦታ በፋይል የሚመጣ መረጃ ለማስገባት ወሰኑ ከፍ መደረግ አለበት።

ዝርዝሩን ማየት የሚፈልግ ባለሙያ «ጆርናልሲቲኤል» በሚለው ትእዛዝ የእያንዳንዱን አገልግሎት መዝገብ በቀንና በሰዓት ለይቶ ማንበብ ይችላል።

በማን ስም? የደኅንነት ጉዳይ

በሊኑክስ ከ1024 በታች ያሉትን በሮች መክፈት በተለምዶ የከፍተኛውን አስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቃል። አንዳንድ ባለሙያዎች ከዚህ በመነሣት ቶምካትን ራሱን በአስተዳዳሪ ስም አስነሥተው በ80 በር ላይ ያስቀምጡታል። ይህ አደገኛ አሠራር ነው፤ በአፕሊኬሽኑ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ብትገኝ ሰርጎ ገቡ የሚያገኘው የኮምፒውተሩን ሁሉ ቁልፍ ነው። ሁለቱን ሰርቨሮች ከመለየት ከሚገኙት ጥቅሞች አንዱም ይኸው ነው። ዌብ ሰርቨሩ በሩን ይከፍታል፤ የተጠቃሚዎችን ጥያቄ የሚያስተናግዱት ክፍሎቹም በዝቅተኛ ሥልጣን ይሠራሉ። ቶምካት ደግሞ ለእርሱ ብቻ በተፈጠረ፣ ገብቶ ለመሥራት በማያስችል የተጠቃሚ ስም በ8080 ላይ ይሠራል።

ቶምካት ከውጭ በቀጥታ እንዳይደረስበትም ከራሱ ኮምፒውተር የሚመጣን ጥያቄ ብቻ እንዲሰማ መደረግ አለበት። ይህ ካልሆነ ተጠቃሚዎች ዌብ ሰርቨሩን አልፈው፣ ምስጠራ በሌለው መንገድ የይለፍ ቃላቸውን ሊልኩ ይችላሉ። ቶምካት ከዌብ ሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት ኤጄፒ የተባለው የ8009 በር እ.ኤ.አ. በ2020 ጎስትካት የሚል ስም የተሰጠው ከባድ ክፍተት ተገኝቶበት እንደነበር ይታወሳል። በሥራ ላይ የማይውል በር ሁሉ መዘጋት አለበት።

ይህ የባለሙያ ጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦችን መረጃ የሚይዙ አካላት ተገቢውን የጥበቃ እርምጃ እንዲወስዱ ግዴታ ይጥላል። የታካሚን ወይም የተማሪን መረጃ የያዘ ሰርቨር የዚህ ጥበቃ ተጠቃሽ ቦታ ነው።

ከሶፍትዌሩ በታች ያሉ መሠረቶች

አገልግሎቶቹ በሚገባ ቢመዘገቡም ኮምፒውተሩ ራሱ ካልተነሣ ትርጉም የላቸውም። የሚከተሉት ነጥቦች መታየት ይኖርባቸዋል።

ኃይል፦ ብዙ ኮምፒውተሮች መብራት ሲመለስ ጠፍተው ይቆያሉ። በኮምፒውተሩ መሠረታዊ ቅንብር ውስጥ ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ የሚያዝ ምርጫ አለ፤ ይህ መከፈት አለበት። ዩፒኤስ ካለ ደግሞ ባትሪው ከማለቁ በፊት ለኮምፒውተሩ ምልክት ሰጥቶ በሥርዓት እንዲጠፋ የሚያደርገው ገመድና ሶፍትዌር መገናኘቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያለዚህ ግንኙነት ዩፒኤስ መቋረጡን ለደቂቃዎች ከማዘግየት አያልፍም።

ሰዓት፦ የውስጥ ባትሪው ያለቀ ኮምፒውተር ሲነሣ የተሳሳተ ቀን ይይዛል። ቀኑ ከተሳሳተ የምስጠራ የምስክር ወረቀቱ ውድቅ ይሆናል፤ መዝገቡም ይዛባል። ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክለው አገልግሎትም እንደ ሌሎቹ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዲነሣ መመዝገብ አለበት።

ማኅደረ ትውስታ፦ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት አገልግሎቶች ሲኖሩ እያንዳንዱ ድርሻው ሊወሰንለት ይገባል። 8 ጊጋባይት ባለው ኮምፒውተር ላይ ለጃቫ 7 መስጠት ዳታቤዙን ማስራብ ነው። ትውስታው ሲያልቅ ሊኑክስ ብዙ የያዘውን ሂደት በኃይል ያስቆማል፤ ተመራጩም አብዛኛውን ጊዜ አፕሊኬሽን ሰርቨሩ ይሆናል። ከግማሽ የማይበልጠውን ለጃቫ ሰጥቶ ቀሪውን ለዳታቤዙና ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ መተው የተሻለ መነሻ ነው።

ዲስክ፦ ቶምካት የሚጽፈው ዋና የመዝገብ ፋይል ካልተገደበ እያደገ ዲስኩን ሊሞላ ይችላል። ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ መጻፍ ያቅተዋል። መዝገቦች በየጊዜው እየተጠቀለሉ አሮጌው እንዲወገድ ማድረግ ያስፈልጋል።

የምስክር ወረቀት፦ ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ የሚሰጠውን የ90 ቀን የምስክር ወረቀት የሚጠቀም ተቋም እድሳቱ በራሱ እንዲከናወን፣ ከእድሳቱም በኋላ ዌብ ሰርቨሩ አዲሱን እንዲያነብ ማዘዝ አለበት። የታደሰ ነገር ግን ያልተነበበ የምስክር ወረቀት ካልታደሰው አይለይም።

መጠባበቂያ፦ በየሌሊቱ የዳታቤዙን ቅጂ የሚያወጣ አገልግሎት በጊዜ መቁጠሪያ ሥር ይመዝገብ፤ ቅጂውም ከዚያው ኮምፒውተር ውጭ ይቀመጥ።

ሳይቸገሩ መፈተሽ

አንድ አገልግሎት በትክክል መተከሉን የሚያረጋግጠው ገጹ መከፈቱ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከተነሣ በኋላ ማንም ሳይነካው ገጹ መከፈቱ ነው። ፈተናውም ቀላል ነው። የሪፖርት ጫና በሌለበት ቀን፣ መጠባበቂያ ቅጂ ከተወሰደ በኋላ፣ ኮምፒውተሩ በሥርዓት ጠፍቶ እንዲነሣ ይደረግ። ማንም ወደ ኮምፒውተሩ ሳይገባ ከሌላ ክፍል ባለ ብራውዘር ገጹ ይከፈት። ስንት ደቂቃ እንደወሰደ ይመዝገብ። በመቀጠል አፕሊኬሽን ሰርቨሩ ብቻ ሆን ተብሎ ይጣል፤ በራሱ መመለሱም ይታይ። በመጨረሻም ዳታቤዙ ቆሞ ይነሣ፤ አፕሊኬሽኑ መከተሉ ይረጋገጥ። የዌብ ሰርቨሩ ቅንብር በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ለውጡ ከመጫኑ በፊት ቅንብሩን የሚፈትሸው ትእዛዝ ይሰጥ፤ የተሳሳተ አንድ መስመር በሚቀጥለው መነሣት ጊዜ በሩን ሊዘጋ ይችላልና።

የፈተናው ውጤት ከአገልግሎቶቹ ስም፣ ከበሮቻቸው፣ ከፋይሎቻቸው ቦታና ከማስነሻ ትእዛዞቻቸው ጋር በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተጽፎ በሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ሊለጠፍ ይገባል። የይለፍ ቃል ግን በዚህ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ኃላፊው በሚያውቀው ቦታ በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል። ባለሙያ ሲዛወርም ወንበርና ላፕቶፕ እንደሚያስረክብ ሁሉ ይህን ገጽ በተግባር እያሳየ እንዲያስረክብ ማድረግ የኃላፊው ድርሻ ነው።

በወለጋ ከተሞች፣ በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ባለሙያ ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ የሚያልፈው ሰዓት ተገልጋዩ ወረፋ ላይ የሚቆምበት ሰዓት ነው። የኃይል መቋረጥን በአንድ ተቋም ጥረት ማስቀረት አይቻል ይሆናል። መብራቱ በተመለሰ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አገልግሎቱም እንዲመለስ ማድረግ ግን በማንኛውም ባለሙያ እጅ ያለ፣ ተጨማሪ ግዢ የማይጠይቅና በአንድ የሥራ ቀን ሊጠናቀቅ የሚችል ተግባር ነው።